የእንግዴ ልጅ ወሬ በእናት ደም

ከወልዲያ ወደ ደሴ የሚወስደው አስፋልት ስሪንቃንና መርሳን አልፎ ውርጌሳ ይደርሳል። በዚህ መስመር የምትኖር ነፍሰ ጡር ለቅድመ ወሊድ ክትትል ጤና ጣቢያ ስትሄድ ክንዷን ለግፊት መለኪያ ትሰጣለች፣ ከጣቷ ወይም ከደም ሥሯ ደም ይቀዳላታል፣ ሽንት ታስመረምራለች። ብዙ እናት ይህ ሁሉ የሚደረገው ስለ ራሷ ጤንነት ብቻ ይመስላታል። ነገር ግን ከክንዷ የሚወሰደው ደም ማህፀኗ ውስጥ ስላለው እንግዴ ልጅ ጭምር ይናገራል። ሐኪም በዓይኑ የማያየውንና በእጁ የማይዳስሰውን አካል ጤና የሚያውቅበት አንዱ መንገድ ይኸው ደም ነው።

የዚህ ምዕራፍ ጉዳይ ደሙ ምን እንደሚናገርና ወሬውን ሰምቶ በጊዜው የሚደርስ መኖር አለመኖሩ ነው።

ሳይታይ የሚሠራው አካል

እንግዴ ልጅ የሚታወሰው አብዛኛውን ጊዜ ሕፃኑን ተከትሎ ሲወጣ፣ ወይም አልወጣ ብሎ ቤተሰቡን ሲያስጨንቅ ነው። በእርግዝናው ዘመን ሁሉ ግን የፅንሱን የሳንባ፣ የኩላሊትና የአንጀት ሥራ የሚሠራው እሱ ነው። ቀኑ ሲደርስ ግማሽ ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ውስጡ ያሉት እጅግ ብዙ ቅርንጫፎች ገጻቸው ቢዘረጋ ከ10 ካሬ ሜትር በላይ ይሸፍናል። በእርግዝናው መጨረሻ በየደቂቃው ከ600 እስከ 700 ሚሊ ሊትር የሚሆን የእናት ደም በእነዚህ ቅርንጫፎች መካከል ያልፋል።

የእናትና የፅንስ ደም ግን በጤናማ እርግዝና እንዲሁ አይቀላቀሉም። በመካከላቸው ስስ የሕዋስ ሽፋን አለ። ይህ ሽፋን በእናት ደም ውስጥ እንደተነከረ ስለሚኖር የሚሠራቸው ሆርሞኖችና ፕሮቲኖች በቀጥታ ወደ እሷ ደም ይፈስሳሉ። ሽፋኑ ሲጎዳ ወይም ኦክሲጅን ሲያጥረው የሚለቀው ነገር መጠኑም ዓይነቱም ይለወጣል። በእናት ደም አማካይነት የእንግዴ ልጅን ጤና መመርመር የተቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዴ ልጁ መልካም ኑሮ እንዲኖረው በመጀመሪያዎቹ ወራት አንድ ትልቅ ሥራ መከናወን አለበት። የእንግዴ ልጁ ሕዋሳት ወደ ማህፀን ግድግዳ ዘልቀው ደም የሚያመጡትን ጠባብና ጥምዝምዝ የደም ቧንቧዎች ያሰፏቸዋል። በዚሁ አካባቢ በጊራና ሸለቆ መስኖ የሚያጠጣ ገበሬ ይህ አይጠፋውም። የቦዩ አፍ ሰፊ ሲሆን ውሃው ረጋ ብሎ ገብቶ ማሳውን ያርሰዋል፤ አፉ ከጠበበ ግን ውሃው እየተወረወረ አፈሩን ይሸረሽራል፣ ዳር ያለው ቡቃያም ይጠማል። ቧንቧዎቹ ሳይሰፉ ሲቀሩ የእናት ደም በኃይል እየተወረወረ እነዚያን ቅርንጫፎች ይጎዳል። ጉዳቱ የሚጀምረው ከ20ኛው ሳምንት በፊት ሲሆን እናቲቱ ግን በዚያ ጊዜ ምንም ላይሰማት ይችላል።

ከመጀመሪያው ሆርሞን እስከ ዛሬው ልኬት

ከእንግዴ ልጅ የሚመጣ መልእክት ሲነበብ ብዙ ዘመን ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1927 በርሊን ውስጥ አሽሃይምና ዞንዴክ የተባሉ ሐኪሞች የነፍሰ ጡር ሽንት ውስጥ ያለውን ሆርሞን ለእርግዝና ምርመራ አዋሉት። ዛሬ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው የእርግዝና መመርመሪያ የሚፈልገውም ኤችሲጂ የሚባለውን ይህንኑ ሆርሞን ነው። የሚያመነጨው ደግሞ ገና በመፈጠር ላይ ያለው እንግዴ ልጅ ነው።

በኋላ ሌሎችም ተከተሉ። ፓፕ-ኤ የተባለው ፕሮቲን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት እጅግ ዝቅ ብሎ ከተገኘ እንግዴ ልጁ በደንብ ሥር እንዳልሰደደና ፅንሱ ሊቀጭጭ እንደሚችል ይጠቁማል። ኤኤፍፒ የተባለውን ሌላ ፕሮቲን የሚሠራው የፅንሱ ጉበት ነው። ወደ እናት ደም በብዛት ከገባ የፅንሱ ጀርባ ወይም ራስ ቅል ሳይዘጋ ቀርቶ ወይም እንግዴ ልጁ መከለል ያለበትን እያሳለፈ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1997 ዴኒስ ሎና ባልደረቦቹ በእናት ደም ውስጥ ተበታትኖ የሚገኝ የፅንስ ዘረመል እንዳለ አሳዩ። ያ ዘረመል በአብዛኛው የሚመጣው ከእንግዴ ልጁ ሕዋሳት መሆኑ በኋላ ተረጋገጠ።

ለእኛ አገር እናቶች ሕይወት ከሁሉም ቅርብ የሆነው ግን የእርግዝና የደም ግፊትን የሚመለከተው ግኝት ነው።

ግፊቱ ሳይነሳ በፊት

ፕሪኤክላምፕሲያ የሚባለው ሕመም ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የደም ግፊት 140 በ90 እና ከዚያ በላይ ሲሆንና ሽንት ውስጥ ፕሮቲን ሲገኝ፣ ወይም ጉበት፣ ኩላሊትና ሌሎች አካላት ሲታወኩ የሚታወቅ ነው። ሲከፋ እናቲቱን ያንቀጠቅጣታል፣ ራሷን ያስታታል፣ ይገድላል። ዘመድ ልክፍት ነው ብሎ ጠበል ቦታ ወይም ሼህ ዘንድ ሲወስዳት ጊዜው ያልቃል። ጸሎቱና ዱዓው አይከለከልም፤ አምቡላንሱን ግን መቅደም የለበትም።

ሕመሙ ከእንግዴ ልጅ እንደሚነሳ ከተጠረጠረ ቆይቷል፤ እንግዴ ልጁ ሲወጣ እናቲቱ መዳን ትጀምራለችና። መንገዱን በግልጽ ያሳየው ግን እ.ኤ.አ. በ2003 የቦስተኑ የኩላሊት ሐኪም አናንት ካሩማንቺና ባልደረቦቹ ያወጡት ጥናት ነው። ደም ያጠረው እንግዴ ልጅ ኤስፍልት-1 የሚባል ፕሮቲን በብዛት ወደ እናት ደም ይለቃል። ይህ ፕሮቲን ፒኤልጂኤፍ የሚባለውን፣ የደም ሥሮችን የሚያሳድገውንና ጤናቸውን የሚጠብቀውን ንጥረ ነገር ይዞ ሥራ ያስፈታዋል። ተመራማሪዎቹ ኤስፍልት-1ን እርጉዝ ለሆኑ አይጦች ሲሰጧቸው አይጦቹ ግፊታቸው ጨመረ፣ ሽንታቸውም ውስጥ ፕሮቲን ታየ። በሚቀጥለው ዓመት የወጣ ጥናት ደግሞ ይህ ፕሮቲን በእናት ደም ውስጥ መጨመር የሚጀምረው የሕመሙ ምልክት ከመታየቱ 5 ሳምንት ገደማ ቀደም ብሎ እንደሆነ አመለከተ።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱን በማነጻጸር የሚሰላ ልኬት በብዙ አገር ሆስፒታሎች ሥራ ላይ ውሏል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ፕሮግኖሲስ የተባለ ጥናት ልኬቱ 38 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ በሚቀጥለው አንድ ሳምንት ፕሪኤክላምፕሲያ ያለመምጣቱ ዕድል 99.3 በመቶ መሆኑን አሳየ። ከ38 በላይ ሲሆን ግን በአራት ሳምንት ውስጥ ሕመሙ የሚይዛቸው 36.7 በመቶ ብቻ ናቸው። እንግዲህ ልኬቱ ዝቅ ሲል የሚሰጠው ማረጋገጫ ከፍ ሲል ከሚሰጠው ማስጠንቀቂያ የበለጠ ጠንካራ ነው። በቁጥሩ ብቻ ተነሥቶ እናትን ያለጊዜዋ ማዋለድ ስለዚህ ስሕተት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2019 በእንግሊዝ የተደረገው ፓሮት የተባለ ጥናት ሐኪሞች የፒኤልጂኤፍ ውጤት ሲያገኙ ሕመሙን ለይተው የሚያውቁበት ጊዜ ከ4.1 ቀን ወደ 1.9 ቀን ማጠሩን መዝግቧል።

ሁለት ቀን ለውርጌሳ እናት ትልቅ ነገር ነው። ለራስ ምታትና ለእግር እብጠት ወልዲያ ወይም ደሴ ድረስ ሪፈር የተባለች ሴት ልጆቿን ለጎረቤት ትታ፣ የትራንስፖርትና የአልጋ ገንዘብ ተበድራ ነው የምትሄደው። «ለሚመጣው ሳምንት አያሰጋሽም፣ አብሽሪ፣ ቤትሽ ግቢና በቀጠሮሽ ተመለሽ» ማለት የሚያስችል የደም ምርመራ ድካሟንም ዕዳዋንም ያስቀርላታል፤ «ዛሬውኑ ሂጂ» የሚያሰኘው ደግሞ ሕይወቷን ያተርፋል።

ልኬቱ እኛ ዘንድ እስኪደርስ ድረስ ግን እጃችን ባዶ አይደለም። የግፊት መለኪያና የሽንት ፕሮቲን መመርመሪያ ስትሪፕ የዚሁ ታሪክ የመጨረሻ ገጾች ናቸው። ፕሮቲኑ ሽንት ውስጥ የሚታየው ከእንግዴ ልጅ የወጣው ኤስፍልት-1 የኩላሊትን ደም ሥሮች ሲያውክ ነው። ጎበዝ አዋላጅ ነርስ መለኪያውን ክንድ ላይ ከማሰሯ በፊት እናቲቱን አረፍ ታደርጋለች። ጀርባዋን አስደግፋ፣ እግሯን መሬት አስረግጣ፣ ክንዷን በልቧ ትይዩ ታስቀምጠዋለች። ከዚያ ትጠይቃለች፦ «እታለም፣ ራስሽን ያምሻል? ዓይንሽ ላይ ብልጭ ብልጭ ይላል? እዚህ፣ ከቀኝ ጎድንሽ ሥርስ ይወጋሻል?» ከሦስቱ በአንዱ አዎ ካለችና ግፊቷ ከፍ ካለ ለመጀመሪያው የማግኒዥየም ሰልፌት መርፌ ወልዲያ እስክትደርስ አይጠበቅም። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው ማግፓይ የተባለው ጥናት ይህ ርካሽ መድኃኒት የመንቀጥቀጥ አደጋን በግማሽ ገደማ እንደሚቀንስ አረጋግጧል።

መከላከያም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ተጋላጭነታቸው ከፍ ላለ እናቶች በቀን 75 ሚሊ ግራም አስፕሪን ከ20ኛው ሳምንት በፊት እንዲጀመር ይመክራል። ባለፈው እርግዝናዋ ግፊት ያስቸገራት ሴት ይህን ለማግኘት የፒኤልጂኤፍ ውጤት አያስፈልጋትም፤ ታሪኳን የሚጠይቅና የሚመዘግብ ባለሙያ ይበቃታል። መድኃኒቱን የሚያዝላት ግን ጤና ባለሙያ ይሁን፤ ለሌላ ሕመም የተገዛ አስፕሪን ቤት ውስጥ ስለተገኘ ተብሎ አይዋጥም።

ማህፀን ሲነካ

አንዳንድ ሕክምና እንግዴ ልጁን ወይም አካባቢውን መንካት ግድ ይለዋል። ከሽርት ውሃ በመርፌ ናሙና መውሰድ፣ ከራሱ ከእንግዴ ልጁ ቅንጣት መቁረጥ፣ በመቀመጫው የመጣን ፅንስ ከሆድ ላይ ገፍቶ ማዞር ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። በኢትዮጵያ ለዚህ ዓይነቱ የእናትና ፅንስ ሕክምና ንዑስ ስፔሻሊስቶችን ከሚያሠለጥኑት አንዱ አዲስ አበባ የሚገኘው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ነው።

ከእነዚህ ሕክምናዎች በኋላ የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው፤ የፅንሱ ደም ወደ እናት አልፏል ወይስ አላለፈም? መልሱ አሁንም በእናት ክንድ ውስጥ አለ። በፅንሱ ደም ያለው ኤኤፍፒ በእናት ደም ካለው በብዙ ሺህ እጥፍ ስለሚበልጥ ጥቂት የፅንስ ደም እንኳን ሾልኮ ከገባ የእናት ልኬት ከፍ ይላል። ከሕክምናው በፊትና በኋላ የተቀዳውን ደም በማነጻጸር እንግዴ ልጁ ምን ያህል እንደተጎዳ መገመት ይቻላል።

ሌላው ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1957 ጀርመን ውስጥ የተገኘው የክላይሃወር ምርመራ ነው። የእናት ደም በስላይድ ላይ ስስ ሆኖ ይቀባና ይደርቃል፤ ከዚያ አሲድነት ያለው ፈሳሽ ይፈስስበታል። የአዋቂ ሰው ሄሞግሎቢን በአሲዱ ታጥቦ ይሄዳል፣ የፅንስ ሄሞግሎቢን ግን አሲዱን ይቋቋማል። ቀለም ተጨምሮበት በማይክሮስኮፕ ሲታይ የእናት ሕዋሳት ባዶ ክብ ሆነው ደብዝዘዋል፣ በመካከላቸው የሾለኩት የፅንስ ሕዋሳት ግን ደምቀው ሮዝ ሆነው ይታያሉ። ባለሙያው እየቆጠረ ስንት ሚሊ ሊትር እንዳለፈ ያሰላል። የሚያስፈልገው ማይክሮስኮፕ፣ ጥቂት ኬሚካልና የሠለጠነ ዓይን ነው። ወባን በማይክሮስኮፕ የሚያነብ ላቦራቶሪ ላለው ሆስፒታል ይህ ከአቅም በላይ አይደለም።

መርሳና ውርጌሳ ባሉበት በሐብሩ ወረዳ ገጠር ማህፀን የሚነካው ግን በመርፌ ብቻ አይደለም። ልጁ ተጣሟል ተብሎ ሆድ በቅቤ ይታሻል። ውርጃ ሲያጋጥም ማህፀን ይጠረጋል። እንግዴ ልጅ አልወጣ ሲል በእጅ ይወጣል። ከባጃጅ መውደቅም አለ፤ ሆድ ላይ የሚያርፍ ዱላም አለ። በእነዚህ ሁሉ የፅንስ ደም ወደ እናት ሊያልፍ ይችላል። በኃይል ማሸት ከዚህም ብሶ እንግዴ ልጁን ከቦታው ሊያላቅቀው ይችላል። ሆስፒታል ውስጥ ፅንስ የሚዞረው አልትራሳውንድ እያየ፣ የቀዶ ሕክምና ክፍልም በተጠንቀቅ እያለ ነው። የእናቶቻችን ማሸት በፍቅር የሚደረግ ቢሆንም ይህ ጥንቃቄ የለውም፤ ስለዚህ መቅረት አለበት።

ሾተላይ

የመጀመሪያ ልጇን በሰላም የወለደች ሴት፣ ሁለተኛው ቢጫ ሆኖ ተወልዶ ይሞትባታል፣ ሦስተኛው ገና ማህፀኗ ውስጥ እያለ ይጠፋል። ሰፈሩ ሾተላይ ይላል። ክታብ ይታሰርላታል፣ ትዳሯም ሊፈርስ ይችላል። ከእነዚህ እናቶች የአንዳንዶቹ ምስጢር የሚፈታው ነጭ ሰሌዳ ላይ በሚደረግ የደቂቃዎች ምርመራ ነው።

ሦስት ጠብታ ደም ጎን ለጎን ይደረጋል። በአንደኛው ላይ ሰማያዊ፣ በሁለተኛው ላይ ቢጫ፣ በሦስተኛው ላይ ቀለም የሌለው መመርመሪያ ይጨመራል። ሰሌዳው በእጅ ቀስ ተብሎ ይወዛወዛል። ሁለቱ ኤና ቢ የሚባሉትን የደም ዓይነቶች ይለያሉ፤ ሦስተኛው አርኤች የሚባለውን ይለያል። በሦስተኛው ጠብታ ላይ ደሙ ከተቋጠረ ሴትዮዋ አርኤች ፖዘቲቭ ናት፤ ሳይቋጠር ከቀረ ኔጌቲቭ ናት። ኔጌቲቭ እናት ፖዘቲቭ ፅንስ ስትይዝ በወሊድ ወይም በመድማት ጊዜ የሾለከው የፅንስ ደም ለሰውነቷ ባዕድ ይሆንበታል። ሰውነቷም ፀረ እንግዳ አካል ያመርታል። ለመጀመሪያው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ አይደርስበትም። የሚቀጥለውን ግን በእንግዴ ልጁ በኩል አልፎ ቀይ የደም ሕዋሱን ያፈርሰዋል። ጥፋቱ የእሷም የባሏም አይደለም።

መከላከያው አንቲ-ዲ የተባለ መርፌ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ ጥቅም ላይ ይገኛል። መርፌው ባይኖር ኖሮ ለዚህ ችግር ከተጋለጡ 100 እናቶች 16 የሚሆኑት ፀረ እንግዳ አካል ያመርቱ ነበር። ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ ቁጥሩ ወደ 2 ገደማ ይወርዳል፣ በ28ኛው ሳምንት ሲጨመርበት ደግሞ ከ1 በታች ይሆናል። 300 ማይክሮ ግራም የሆነው መደበኛው መጠን የሚበቃው እስከ 30 ሚሊ ሊትር ለሚደርስ የፅንስ ደም ነው። ከዚያ በላይ ካለፈ ተጨማሪ ያስፈልጋል። የክላይሃወር ምርመራ ዋና ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው።

መርፌው የሚዘጋጀው ከሰው የደም ፕላዝማ ነው። አውስትራሊያዊው ጄምስ ሃሪሰን እ.ኤ.አ. በ2025 እስኪሞቱ ድረስ የሚታወቁት ለአሥርተ ዓመታት ለዚህ መድኃኒት ፕላዝማ በመለገሳቸው ነበር። በእኛ አገር ብዙ ጊዜ ቤተሰቡ ከግል መድኃኒት ቤት ገዝቶ እንዲመጣ ይነገረዋል። ዋጋውም ለአንድ ገበሬ ቤተሰብ ከባድ ነው። የደም ዓይነቷ በመጀመሪያው ክትትል የታወቀላት ሴት ገንዘቡን ለማዘጋጀት ስድስት ወር አላት። ከወለደች በኋላ ያወቀች ያላት ሦስት ቀን ነው።

ተደጋግሞ የሚሞት ፅንስ ሁሉ ግን የአርኤች ጉዳይ አይደለም። ቂጥኝ እንግዴ ልጅን ይጎዳል፤ በክትትል ጊዜ ለዚሁ ደም ይመረመራል። ስኳር፣ ግፊትና ወባም አሉበት።

የተደበቀችው ወባ

መርሳና ውርጌሳ ወባ ያውቃሉ። ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ ትኩሳት ይበዛል። እ.ኤ.አ. በ1996 ፍሪድና ደፊ የተባሉ ተመራማሪዎች ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተሕዋሲ እንግዴ ልጅ ላይ ብቻ ተጣብቆ የሚቀርበትን መንገድ አሳዩ። ተሕዋሲው ያለባቸው ሕዋሳት እንግዴ ልጁ ውስጥ ተከማችተው ሲቀሩ ከጣት የተወሰደው ደም ንጹሕ መስሎ ሊታይ ይችላል። እዚህ ላይ የእናት ደም ዝም ይላል። ስለዚህ ትኩሳት ያላት ነፍሰ ጡር ውጤቷ ኔጌቲቭ ቢሆንም ሕመሙ ካልተዋት ተመልሳ መመርመር አለባት። ሄሞግሎቢኗ ከ11 በታች ከወረደም ምክንያቱ ይፈለግ። አጎበሩም የእሷ ነው፤ በቤቱ አንድ ብቻ ካለ ከሥሩ የምትተኛው እሷ ትሁን።

መንገዱም የምርመራው አካል ነው

በ2008 ዓ.ም. የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በኢትዮጵያ ከ100 ሺህ በሕይወት ከተወለዱ ሕፃናት አንጻር 412 እናቶች እንደሚሞቱ መዝግቧል። በ1992 ዓ.ም. ቁጥሩ 871 ነበር። ይህ መሻሻል የመጣው በየቀበሌው በተሰማሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ በጤና ጣቢያዎችና በአምቡላንሶች ድካም ጭምር ነው። በሰሜን ወሎ ግን ጦርነቱ ብዙውን አፈረሰው። በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ውርጌሳ በሁለት ጦር መካከል ወደቀች። ሪፈር የሚላክባቸው የወልዲያና የደሴ ሆስፒታሎችም ተዘረፉ። በእነዚያ ወራት የደም ዓይነቷን የማታውቅ፣ ግፊቷ ያልተለካላት ስንት እናት እንደነበረች ማሰብ ያማል።

ምርመራ የሚያድነው ውጤቱ ወደ ድርጊት ሲለወጥ ነው። የተገኘ ፕሮቲን ማግኒዥየም ሰልፌት ከሌለበት ቤት፣ የታወቀ አርኤች አንቲ-ዲ ከሌለበት መደርደሪያ፣ የተጻፈ ሪፈር ነዳጅ ከሌለው አምቡላንስ ጋር ሲገናኝ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ አዲሱ የፒኤልጂኤፍ ልኬት ወደ ደሴና ወልዲያ ይምጣ ስንል አብሮት መምጣት ያለበትንም እንጠይቅ። የሽንት ስትሪፕ በየክትትሉ ይኑር። የአርኤች መመርመሪያ በየጤና ጣቢያው አይጥፋ። አንቲ-ዲ በሆስፒታል መጋዘን በመንግሥት ወጪ ይቀመጥ። ክላይሃወርን የሚያነብ ባለሙያ በእያንዳንዱ ሪፈራል ሆስፒታል ይሠልጥን።

ይህን የምታነቢ እህት፣ የደም ዓይነትሽን ሳታረግዢ እወቂ፤ በክትትል ካርድሽ ላይም አስጽፊው። ኔጌቲቭ ከሆንሽ ባልሽም ይመርመር፤ እሱም ኔጌቲቭ ከሆነ ስጋቱ አይኖርም። አለዚያ ግን ከደማሽ፣ ካስወረደሽ ወይም ሆድሽ ከተመታ አንቲ-ዲ እንደሚያስፈልግሽ ራስሽ ተናገሪ፤ ሰዓቱንም ቁጠሪ። ባልና አማት የሆናችሁ ደግሞ ለክርስትናውም ለአቂቃውም ከምታስቀምጡት ገንዘብ አስቀድማችሁ የመርፌውን አስቀምጡ።